ሦስት ጣት ያረፈበት ሙልሙል

አንገቱን ነው፣ አይ፣ አንገት አጥንት አለው፣ ከጎድኑ በታች ይሻላል፣ ስንት በግ ያረድኩ ሰው የት እንደሚገባ ይጠፋኛል እንዴ፣ ቢላዋው ከበርኖሴ ሥር ጭኔን ነክቶኝ ይቀዘቅዘኛል፣ ፊት ለፊቴ ፓስቲው ይጤሳል፣ ጌታነሽ ደብረ ብርሃን ተቀምጣ የተማረችው ፓስቲ፣ የሞላሌ ሰው እሁድ ከቅዳሴ መልስ እዚች ሻይ ቤት ካልገባ ቀኑ እሁድ አይመስለውም፣ ፍልሰታ ቢሆንም የተጠበሰው በኑግ ዘይት ነው፣ ማን ይከለክላል፣ ብላ እንጂ አፈወርቅ ይቀዘቅዝብሃል ትለኛለች፣ እሺ እላታለሁ፣ አልነካውም። እሱ ይምጣ። ገብረ ክርስቶስ፣ የወንድሜን የዳኜን ጭንቅላት በድንበር ጠብ በዱላ የፈነከተው፣ ሦስት ዓመት ታስሮ በሰኔ ተፈታ፣ ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ በሩ ጋ ያለችው መደብ ላይ ተቀምጦ ሁለት ፓስቲ በሻይ እየነከረ ይበላል። ዳኜን አፈር በላው፣ እሱ ፓስቲ ይበላል። ያንን የፈላ ዘይት አንስቼ ፊቱ ላይ ብደፋው፣ አይ፣ ቢላዋ ይሻላል፣ ዓይኑን እያየሁት።

እማዬ በተዝካሩ ቀን በሰው ሁሉ ፊት ምን አለች፣ የልጄ ደም ሳይመለስ በቡሄ ከዚህ ቤት ሙልሙል አይወጣም፣ አለችም አደረገችም፣ ልጆቹ እየጨፈሩ ይመጡና እኛ በር ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን አጥፍተው ያልፋሉ፣ እናቶቻቸው ነግረዋቸዋል፣ እኔ ውስጥ ተቀምጬ ኮቴያቸውን እሰማለሁ፣ ያ ዝምታ ነው አንጀቴን የሚቆርጠው፣ የዳኜ ወንድም ወንድ አይደለም ማለት ነው፣ ሌላ ምን ማለት ነው።

ዛሬ እሁድም ቡሄም ነው። ሳይነጋ ስነቃ ቤቱ ገብስ ገብስ ይሸታል፣ ሕልም መሰለኝ፣ እማዬ ቡኮው ላይ አቀርቅራለች፣ የመጀመሪያው ዙር ወጥቶ ሰፌድ ላይ ይጤሳል፣ ሌላውን አድቦልቡላ ሦስት ጣቷን ትጭንበታለች፣ የሷ ምልክት ነው፣ መሃለኛዋን ጣቷን ከጫፏ ማጭድ ቆርጧታል፣ ስለዚህ ዳርና ዳሩ ይጎደጉዳል፣ መሃሉ ግን ነካ ብቻ ነው፣ አገር ያውቀዋል፣ ዳኜ ትኩሱን ከእጇ እየነጠቀ ሲሮጥ፣ ተወው አሁን። ቀና አለችና ዛሬ ከቤት አትራቅ አፈዬ፣ መምሬ ገብረየሱስ ያሉኝ ነገር አለ፣ ቁርስ ላይ እነግርሃለሁ አለች። ምን ይነገራል፣ የነፍስ አባት ምን እንደሚሉ ጠፍቶኝ ነው፣ እሷ ጋግራለች፣ ደሙ ሳይመለስ አልጋግርም ያለች ሴት ከጋገረች ዛሬ መልሰው ማለቷ ነው፣ በአፏ ማዘዙ ከብዷት ነው፣ እናት አይደለች። ጉልበቷን ሳምኩ፣ የማረጃውን ቢላዋ አውርጄ ወጣሁ፣ ቤተ ክርስቲያንም አልገባሁ፣ ይህን ይዤ እንዴት እገባለሁ።

መጣ። ጭቃውን ከእግሩ እያራገፈ፣ ወፍሯል፣ እስር ቤት ያወፍራል እንዴ፣ ቀኝ እጁ ጋቢው ውስጥ ነው፣ አየኝ፣ ወደ በሩ መደብ አልሄደም፣ ወደ እኔ ነው፣ ለምን ወደ እኔ፣ እጁን እያወጣ ነው፣ ሽጉጥ፣ ቀደመኝ፣ አይቀድመኝም፣ ተነሳሁ፣ ገበታው ተገለበጠ፣ ከጎድኑ በታች፣ እስከ እጀታው፣ እንደ በግ አይደለም፣ ይሞቃል፣ አንዴ ደገምኩት፣ ለዳኜ፣ ሌላ ደግሞ ለእኔ፣ ጌታነሽ ትጮሃለች፣ ጩኺ፣ ሞላሌ ሁሉ ይስማ።

ጉልበቱ ታጠፈ፣ ትከሻዬን ይዞኛል፣ ለመጣል አይደለም፣ ላለመውደቅ ነው፣ አፉን ጆሮዬ ላይ አድርጎ ያወራል፣ ምን ይላል፣ መምሬ ናቸው የሰጡኝ ይላል፣ እናትህ ልካልኝ ነው፣ ምሬሃለሁ ብላኛለች፣ አፈወርቅን ይዘህ ለቁርስ ና ብላኛለች።

ምንድነው ያለው።

ከእጁ የወደቀው ጭቃው ላይ ተንከባሎ ቆመ፣ ሽጉጥ አይደለም፣ ሙልሙል ነው፣ ፓስቲው መሃል፣ ደሙ ገና አልደረሰበትም፣ ዳርና ዳሩ ጎድጉዷል፣ መሃሉ ነካ ብቻ ነው፣ አነሳሁት፣ ገና ይሞቃል፣ እማዬ ቁርስ አቅርባ ሁለታችንን እየጠበቀች ነው።