በተለጠፈው ወረቀት ሥር

ኢርቪን አክሮይድ ካፖርቱን፣ ጃንጥላውንና ብዕሩን በር ላይ አስረክቦ በምትካቸው አንድ እርሳስ ተቀበለ። በቤተ መዛግብቱ የንባብ ክፍል ቀለም ክልክል ነው። ከሃደርስፊልድ እስከ ማንችስተር ባቡር ውስጥ ሲያጠናው የመጣ ንግግር ነበረው፤ ጠረጴዛው ዘንድ ሲደርስ ግን የቀረለት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር።

«የኦስዊን ትረልፎልን ሣጥን ዐሥራ አራት ብታሳዪኝ፣ ልጄ።»

ትረልፎል ዕድሜውን ሙሉ ለሠራተኞች መዘምራን ዜማ ሲጽፍ፣ በሰልፍ ፊት ሲያዘምር፣ ለኮሚኒስት ፓርቲው ባለው ታማኝነት ከታላላቅ መድረኮች ሲገለል ኖሮ የሞተ የሙዚቃ ደራሲ ነው። የእጅ ጽሑፎቹ አሁን በሰማንያ ሁለት ግራጫ ሣጥኖች ተሰድረዋል። መዝገብ ጠባቂዋ ጁዲት ክሌግ ሣጥኑን አምጥታ፣ በእሳት ስላለቁ የፋብሪካ ሴቶች የተደረሰውን የመዝሙር ድርሰት በገጽ ማሳረፊያ ትራስ ላይ ዘረጋችለት። ገጽ ሠላሳ ሰባት ላይ ግማሽ ገጹን የሸፈነ ሌላ ወረቀት ተለጥፎበታል።

ኢርቪን ጣቱን ወደ ወረቀቱ አስጠጋና ሳይነካው መለሰ።

የመጣበት ጉዳይ እኅቱ ናት። ሴሊና ከስምንት ወር በፊት አንጎሏ ውስጥ ደም ፈስሶ ንግግር ጠፋባት፤ የገዛ ስሟን እንኳ አትጠራም። መዝፈን ግን አልጠፋባትም። በአረጋውያን መጦሪያው መስኮት አጠገብ ተቀምጣ በወጣትነቷ ብቻዋን ትዘፍነው የነበረውን ታነሣለች፦ «እናቴ ሆይ፣ መብራቱን አታጥፊው፤ እኅቴ ገና በመንገድ ናት…» እዚያ ላይ ዜማው ይቋረጥባታል። ከመጀመሪያው ትጀምራለች፤ እዚያው ትቆማለች፤ ታለቅሳለች። በቀን ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ።

ቀጣዮቹን ቃላት ኢርቪን ያውቃቸዋል። የማያውቀው ዜማቸውን ነው። በትረልፎል መዘምራን መካከል እርሱ ከወፍራም ድምፆቹ ጋር ነበር፤ እርሷ ስትዘፍን የእርሱ ድርሻ ዝም ብሎ ምት መቁጠር ነበር። ኋላም ያ ቦታ በሌላ ዜማ ተተክቶ መዘምራኑ ሠላሳ ዓመት ሲዘምሩት ኖሩ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ከጆሮው አጠፋው። ባለፈው ማክሰኞ ሁለተኛውን ቢዘፍንላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። የራሷን ቅጂ እርሷው በንዴት ምድጃ ውስጥ ከትታዋለች። እንግዲህ ያ ዜማ በዓለም ላይ ያለው በአንድ ስፍራ ብቻ ነው፤ እርሱም ከዚህ ወረቀት ሥር።

የእኅቱን ነገር ለጁዲት ነገራት። ከዚያም ጠፍጣፋ መብራት አምጥታ ከገጹ ሥር አበራች። የሥረኛው ኖታ እንደ ጥላ ብቅ አለ፤ ዳሩ ግን የላይኛው ተደርቦበት የሁለቱ ነጠብጣቦች ተቀላቀሉ።

«የመጀመሪያዎቹ ይነበባሉ» አለች። «ከ‹መንገድ ናት› ወዲያ ያሉት ግን… የትኛው የትኛው እንደሆነ እኔም አልለየውም።»

«እንግዲያው ይነሣ።»

«አይቻልም፣ አቶ አክሮይድ። ደራሲው ራሱ የለጠፈው ነው። መዝገባችን ‹የሴቷ ዝማሬ በደራሲው እጅ ተሰርዟል› ይላል። ፈቃዱን መንካት አንችልም።»

«ሌላ ሰው ለጥፎት ቢሆንስ?»

«ያ ጉዳት ነዋ። ጉዳት ይጠገናል።»

ሽማግሌው አመስግኗት ወጣ። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ከቤት ያመጣውን የአይብ ሳንድዊች ፈታ፤ አንድ ጊዜ ገምጦ መልሶ ጠቀለለው። ባቡሩ ሊነሣ ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል። አርባ አንድ ዓመት የጠበቀውን ምስጢር አሁንም ይዞት ሊመለስ ይችላል። ማንም አይጠይቀውም፤ የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል።

ሰዓቱን አየ። ባቡሩም ሄደ።

ተመልሶ ሲገባ ጁዲት ቀና አለች። «የረሱት ነገር አለ?»

«ብረሳው ደግ ነበር። ያንን ወረቀት የለጠፍኩት እኔ ነኝ።»

እርሳሱን አንሥቶ በቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ኖታ ጻፈ። ልጅቱ ከገጹ ጎን አድርጋ አስተያየችው። ወደ ግራ ያዘመመው ጭረት፣ ጭራው የተቆለመመው የኖታ ቁልፍ፣ ሁሉም አንድ እጅ ነበር።

«ለምን?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እ.ኤ.አ. በ1956 የሶቪየት ታንኮች ሃንጋሪ ሲገቡ እኅቴ ልምምድ መሐል ተነሥታ ‹ከእንግዲህ ለእነዚህ አልዘፍንም› አለች። የፓርቲ አባልነት ደብተሯን ፒያኖው ላይ ጥላ ወጣች። ኮሚቴው አሰናበታት። የእሑዱን ዝግጅት አስተካክል ተባልኩ፤ ጸሐፊያቸው ነበርኩ፣ ኖታውም በእጄ ነበር። የድርሰቱን የመዝጊያ ዜማ በሌላ ወረቀት ገልብጬ በእርሷ ዝማሬ ላይ ለጠፍኩት። ኦስዊን በርሊን ነበር።»

«ሲመለስ አልጠየቀም?»

«ጠየቀኝ እንጂ። ‹ራሷ ናት ዝማሬዬን አውጡልኝ ያለችው› አልኩት። እሷን ደግሞ ‹ዝማሬሽን ያስወጣው ኦስዊን ነው› አልኳት።» እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እናታችን ከሞተች ወዲህ በአንድ ቤት ነበርን። ማታ ማታ ከፊቷ ተቀምጬ እራት መብላት ነበረብኝ፣ ልጄ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ኦስዊን ያስተማራት ሰው ነበር፤ እንደ አባት ነበር የምታየው። እስኪሞት ድረስ ሁለቱ አልተነጋገሩም።»

ጁዲት ከመሳቢያዋ አንድ የመዝገብ ማረሚያ ቅጽ አወጣች። ሳትሰጠው ጥቂት ያዘችው።

«ይሄ ከድርሰቱ ጋር አብሮ ይቀመጣል። የሚጠይቅ ሁሉ ያነበዋል። ይግባዎት።»

«ገብቶኛል። በወጣትነታችን ግለ ሂስ እንለው ነበር፤ ሌላው ሰው ላይ ነበር የሚያምርብን።» ቅጹን ወደ እርሷ መለሰ። «አንቺው ጻፊው። መቼም እናንተ የላንክሻየር ሰዎች ከእኛ ከዮርክሻየሮች ጋር የጥንት ባላንጣ ናችሁ፤ ኃጢአታችንን ስትጽፉ እጃችሁ አይዝልም።»

«እጄስ አይዝልም፤ ቦታው ነው የማይበቃው። ያለው ሁለት መስመር ነው።»

ሁለቱም ሊስቁ ነበር፤ አልሆነላቸውም። እርሱ ተናገረ፣ እርሷ ጻፈች፦ «ይህን የለጠፍኩት እኔ ኢርቪን አክሮይድ ነኝ። ደራሲው አላዘዘም፤ ዘማሪዋም አልጠየቀችም።» ፊርማው ከመስመሩ አልፎ ወጣ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲጠራ፣ የመዛግብት ጠጋኙ ሥራውን ጨርሶ ጠበቀው።

«በስንዴ ዱቄት ሙጫ ነው የለጠፉት እንዴ?» አለው። «ደግ አደረጉ። ትንሽ እርጥበት ሳሳየው በግማሽ ሰዓት ለቀቀ።»

ኢርቪን ወደ ገጹ ጎንበስ አለ። የትረልፎል ደቃቅ ጽሕፈት ትናንት የተጻፈ ይመስል ጠቁሮ ተገልጦ ነበር፤ ከዝማሬው ራስጌ «ለሴሊና» የሚል ቃል ተጽፏል። ይህም ቃል ከወረቀቱ ሥር ተሸፍኖ እንደነበር ረስቶት ነበር። ኖታውን በእርሳስ ሲገለብጥ ሁለት ጊዜ ተሳሳተና እንደገና ጀመረ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መጦሪያው ሲደርስ ሴሊና መስኮቷ አጠገብ ነበረች። «እኅቴ ገና በመንገድ ናት» ብላ ቆመች። እርሱም በሻከረ ድምፁ ከዚያው ተቀበላት፦

«በሩን በዳሰሳ ታውቀዋለች፤ ጨለማው ግን እርሷን አያውቃትም።»

ዜማው እርሱ እንደጠበቀው ወደ ላይ አልወጣም። እንደ ደከመ ሰው ደረጃ በደረጃ ወረደ። ሴሊና አንገቷን አቀናች። ሁለተኛ ሲለው ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። በሦስተኛው እርሱን አስቁማ ብቻዋን ዘፈነችው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳትቋረጥ። አስታማሚዋ ሻይ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«እሰይ፣ የኔ እመቤት! ተገኘልሽ?» አለችና ሻዩን አስቀምጣ ሄደች።

ኢርቪን ወንበሩን አስጠግቶ እጇን ያዘ።

«ሴሊ፣ ስሚኝ። ኦስዊን አይደለም። እሱ ዝማሬሽን አላስወጣም። እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ የዋሸሁሽ።»

ዓይኖቿ ፊቱ ላይ ዐረፉ። ቁጣ ፈለገባቸው፤ ቁጣ ቢያገኝ ደስ ባለው ነበር። ያገኘው ግን አንድ ሰው በማታውቀው ቋንቋ ሲያናግራት ለአክብሮት ያህል የምታዳምጥ ሴት ትዕግሥት ነበር። በማንችስተር የሚያልፍ የሚያገድም ሁሉ ሊያነበው የሚችለው ቃል እርሷ ዘንድ አልደረሰም። ጉንጩ ላይ የወረደውን እንባ አይታ በሹራቧ እጅጌ ጠረገችለት፤ በዚያ ቤት ማንም ሽማግሌ ቢያለቅስ እንደምትጠርገው።

ደግሞ ነገራት።

እርሷም ደግማ ዘፈነች።