ሰው የገደለው በርጩማ

የሩቅያን አሠሪ ሰፈሩ ሁሉ «ኡስታዝ» ይላቸዋል። ቁርኣን አስተማሪ ግን አይደሉም፤ ጡረታ የወጡ ጠበቃ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ቤይሩት በሰልፍ ተዘግታ ስትከርም ሥራቸው አንድ ብቻ ሆነ፦ ለንደን ሳሉ የገዙትን የድሮ የእንግሊዝ ሕግ መዝገበ ቃላት ይዘው፣ ሩቅያ የምታጸዳበት ክፍል ድረስ እየተከተሉ ማንበብ። ሩቅያ ከአቧራው ጋር ስንቱን ቃል ጠርጋ ደፍታለች።

አንድ ጠዋት ግን መጥረጊያዋ ቆመ።

«ዲዮዳንድ» አሉ ኡስታዝ። «ሰው የገደለ ዕቃ ማለት ነው። ጋሪም ይሁን ፈረስ ይፈረድበታል። ባለቤቱ የኔ ነው ማለት አይችልም። ኸላስ፣ የአላህ ነው! ንጉሡ ይወስደውና ለሟች ነፍስ ሰደቃ ይወጣበታል።»

«በርጩማስ?»

«ከገደለ፣ በርጩማም።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ያኒ፣ የድሮ ሕግ ነው ልጄ። ድሮ ተሽሯል።»

ይቺን የመጨረሻዋን ሩቅያ ሰምታ እንዳልሰማች አለፈቻት።

ነስሪያ የከሚሴ አብሮ አደጓ ነበረች። ከቤይሩት ወጣ ብሎ ዛልቃ፣ በሠራተኝነት በገባችበት ቤት፣ አምስተኛ ፎቅ፣ በረንዳ ላይ በርጩማ ላይ ቆማ የውጭውን መስታወት ስትወለውል ወደቀች። ፖሊስ መጥቶ አየና «ራሷ ናት የወደቀችው» ብሎ ሄደ። ማዳሟ አለቀሰች፤ ደግሞም ከልቧ ነበር። የሟችን ልብስ አጥባ፣ ተኩሳ፣ በከረጢት ላከች። ጥፋተኛ የሚባል ግን በዚያ ቤት አልተገኘም።

እሑድ ሩቅያ ሳብራ ገበያ ልሂድ ብላ አስፈቅዳ ወደ ዛልቃ ሄደች። የምትለውን መንገዱን ሙሉ አጥንታዋለች።

የነስሪያ ማዳም በሩን ከፍታ አወቀቻት። ዐይኗ ረጠበ።

«ምን ልስጥሽ ሐቢብቲ?»

«በርጩማውን።»

«የቱን በርጩማ?»

«ነስሪያን የጣላትን። ሸጬ ሰደቃ ላውጣላት።»

ማዳሟ ትንሽ ግራ ገባት። ነፍጋት አይደለም።

«አሁን እኮ ሥራ ላይ ነው» አለች፣ በረንዳውን እያሳየቻት።

ያው ነጭ የፕላስቲክ በርጩማ እዚያው ቆሟል። አዲስ የመጣች ሐበሻ ልጅ በነጠላ ጫማ ወጥታበት፣ ተንጠራርታ መስታወቱን ታሻለች። የበርጩማው አንድ እግር ይወላገዳል።

ሩቅያ ያጠናችው ሁሉ ጠፋት። ሮጣ ተንበረከከችና የበርጩማውን እግሮች ጨምድዳ ያዘች።

ልጅቷ ቁልቁል አየቻት። «እህቴ፣ አንቺን ደግሞ ማን ቀጠረሽ?»

«ማንም። በርጩማውን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ቆይ እንግዲህ፣ ያቺ ጥግ ቀርታኛለች።»

«ያላ፣ ጨርሺ» አለች ሩቅያ። እንባዋን የምትጠርግበት እጅ አልተረፋትም። «ይዤልሻለሁ።»