ጋሼ ሀቢቡ ወደ ዝዋይ የነዳበት ቀን

ጋሼ ሀቢቡ ብስክሌት መንዳት የተማረው በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። እንሴኖ ገበያ ዳር እህል ይነግዳል። ልጁ ዑመይር ከሞተ በኋላ መጋዘኑን በጊዜ እየዘጋ የልጁን ብስክሌት እየገፋ ወደ ኳስ ሜዳው ይወጣ ጀመር። ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይወድቃል። ሰው መጀመሪያ ሐዘኑ አእምሮውን ነካው ብሎ ፈራለት። ኋላ ግን ለመደው፤ ሲያልፍ «አይዞህ ጋሼ!» የሚለውም በዛ።

እኔ ዓለምዘውድ እባላለሁ። ትውልዴ ደብረ ታቦር ነው፤ ቡታጅራ የመጣሁት ባዮሎጂ ላስተምር ነው፣ እዚሁ ቀረሁ። እሁድ እሁድ ተሰባስበን ብስክሌት የምንነዳ ማኅበር አለን። በዓመት አንዴ በእንሴኖና በቆሼ አድርገን እስከ ዝዋይ ሐይቅ እንወርድና ዳር ዳሩን ስንነዳ እንውላለን። አጃቢ መኪና ውሃ፣ ምግብና ትርፍ ጎማ ይዞ ይከተለናል፤ አቅም ያነሰው ይሳፈርበታል። የእኔ ድርሻ መጨረሻ ላይ መንዳት ነው። ከእኔ ኋላ ሰው አይቀርም።

ዑመይርን ያጣነው በዚሁ ጉዞ ላይ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በጥቅምት። ሐይቁ ዳር ምሳ ልንበላ አረፍን። እሱ አቧራውን ሊታጠብ ወደ ውሃው ገባ። ውሃው ወገቡ ጋ ሳይደርስ እየሳቀ ዞር አለና የሆነ ነገር ሊነግረን አፉን ከፈተ። ከዚያ መሬት እንደከዳችው ሁሉ ወደ ታች ሄደ። ከመካከላችን ዋና የሚችል አልነበረም። ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን እየቀዘፉ እስኪደርሱ ድረስ አለቀ። ሃያ ዓመቱ ነበር። በማግስቱ እንሴኖ ቀበርነው፤ ጉዞውን ከዚያ ወዲህ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ዘንድሮ ያነሳው ጋሼ ሀቢቡ ራሱ ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ልጄ፣ ወደ ሐይቁ መቼ ነው የምትሄዱት?»

«ተውነው እኮ ጋሼ።»

«አትተዉት። እኔም እነዳለሁ። ልጄ በሄደበት መንገድ፣ በልጄ ብስክሌት ሄጄ እጄን እዚያ ውሃ ውስጥ ልንከር። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።»

«እትዬ መሕቡባስ ምን ይላሉ?»

መሬት መሬት አየ። ብስክሌቱን የገዛው እሱ ነበር፤ ሚስቱ አትግዛለት ብላ ለምናው ነበር። ልጁ ከተቀበረ ጀምሮ ባልና ሚስቱ ስሙን እርስ በርስ አንስተው እንደማያውቁ እንሴኖ ሁሉ ያውቃል። አንድ ማዕድ ይቀርባሉ፣ ስለ እህልና ስለ ገበያ ያወራሉ፣ በዚያው ያበቃል።

ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል፣ በአንድ እሁድ ጎሕ ሲቀድ ከቡታጅራ ተነሳን። እንሴኖ ስንደርስ ጋሼ ሀቢቡ ብስክሌቱን ይዞ አስፋልቱ ዳር ቆሟል። እትዬ መሕቡባ ከአጠገቡ ነበረች፤ ጥቁር ሻሽ አድርጋ፣ ትንሽ ፌስታል ይዛ። ሰላም አላለችንም። ቀጥ ብላ ወደ አጃቢው መኪና ሄደችና ሾፌሩን ሸረፋን «በሩን ክፈትልኝ» አለችው።

«እትዬ፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ ሙቀቱም...»

«አንዱን ሬሳ አድርጋችሁ አምጥታችሁልኛል። ይሄኛውን ራሴ ሄጄ አመጣዋለሁ።»

ሸረፋ በሩን ከፈተ። ዑመይር በሞተበት ቀን እዚያ ከነበርነው መካከል ቀና ብሎ ሊያያት የቻለ የለም።

ወጣቶቹ ቀድመው ተፈተለኩ። እኔና ጋሼ ሀቢቡ በዝግታ ተከተልን፤ አጃቢው መኪና ከኋላችን በአንደኛ ማርሽ እያጓራ ይመጣል። ጋሼ አነዳዱ የተማሪ ነው፤ መሪውን የሚያመልጠው ይመስል አንቆ ይይዛል፣ የጋሪ ፈረስ ባየ ቁጥር ይወርዳል። ላቡ በጢሙ ላይ ይንጠባጠባል። ቆሼ ደርሰን ሻይ ስንጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘው።

«ዑመይር እዚህ ስንት ሰዓት ይደርስ ነበር?» አለኝ።

«እሱማ ከሁሉም ቀድሞ ነበር የሚደርሰው። እዚህ ቁጭ ብሎ ይስቅብን ነበር።»

ፈገግ አለ። «ይስቅ ነበር፣ አይደል?» አለና ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ።

ከቆሼ በኋላ ሜዳው ተዘረጋ። ጥላ የለም፤ አልፎ አልፎ ከሚታይ ግራር በቀር። ነፋሱ ከፊት ለፊት አፈር እያነሳ ይመታናል። አንዲት ትንሽ ዳገት ላይ የጋሼ እግር ተኮማተረ፤ መሬት ላይ በጎኑ ወደቀ። ብስክሌቱን አንስቼ ሳልጨርስ እትዬ መሕቡባ ከመኪናው ወርዳ ከጎኑ ተንበርክካ ነበር። ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስባ ባቱን በአውራ ጣቷ ታሸው ጀመር። ጥርሱን ነክሶ ወደ ሰማይ ያያል።

«ግባ መኪናው ውስጥ» አለችው።

«አልገባም።»

«ልትሞት ነው?»

«አልሞትም። ግን አልገባም።»

ከዚያ ከፌስታሏ ውሃ አውጥታ አጠጣችው፤ የተረፈውን አናቱ ላይ አፈሰሰችው። «እንግዲያስ ተነሳ» አለችና ተመልሳ ገባች።

ሐይቁን ያየነው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ከሩቅ ሲያዩት እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ያብረቀርቃል። ከዋናው መንገድ ወጥተን ዳሩን ይዞ በሚሄደው የአፈር መንገድ ነዳን፤ በአንድ ወገን የደንገል ሣር፣ በሌላው የቲማቲም ማሳ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣመሩ መስለው ቆመዋል። ጋሼ ሀቢቡ ወዲያ ወዲህ አያይም። የቀደሙት ሁሉ ብስክሌታቸውን አጋድመው ትልቁ ሾላ ሥር ይጠብቁን ነበር። ያን ጊዜ ምሳ የበላነው እዚያ ነው።

ኡበይድ፣ የዑመይር የልብ ጓደኛ፣ ወደ እኔ ሮጦ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ቲቸር፣ ውሃው የለም» አለኝ በሹክሹክታ።

እውነቱን ነው። ያኔ ከሾላው ሥር ድንጋይ ብትወረውር ውሃ ውስጥ ይወድቅ ነበር። አሁን እስከ ሩቅ ድረስ የሽንኩርት ማሳ ነው፤ አረንጓዴ፣ በመስመር የተተከለ። ሐይቁ ከማሳው ወዲያ ሸሽቷል። ዳሩ ላይ አንድ የውሃ ሞተር ይንደቀደቃል።

ጋሼ ሀቢቡ ብስክሌቱን ለእኔ ሰጠኝ። «የቱ ጋ ነው?» አለ።

ኡበይድ ከፊት ሄደ፤ እኛ በሽንኩርቱ መካከል ተከተልነው። ከሾላው ጋር እያስተያየ፣ ቀኝ እያለ ግራ እያለ ሄደና ቆመ። ከፊቱ ጉድጓድ ነበር። ሰው የቆፈረው፣ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ሥሩ ላይ ጭቃው ደርቆ የተሰነጣጠቀ፤ አንድ የተቀደደ የጎማ ቱቦ ወድቆበታል።

ባለማሳው ሽንኩርት ከሚያጠጣበት ቀና ብሎ አካፋ እንደያዘ መጣ። «አሰላሙ ዐለይኩም። ምን ጠፋባችሁ?»

«ይሄ ምንድን ነው?» አለው ጋሼ ሀቢቡ።

«የሞተር ጉድጓድ ነዋ። ውሃው ሲሸሽ ሞተሩ እንዲስብ እንቆፍራለን። ክረምት ላይ ሐይቁ ተመልሶ ይሸፍነዋል።»

«ማን ነው የቆፈረው?»

«እኔ መሬቱን የያዝኩት ዓምና ነው። ሳገኘው ተቆፍሮ ነበር። ከእኔ በፊት የነበረውን ሰው አላውቀውም።»

ጋሼ ሀቢቡ የጉድጓዱን ጠርዝ ይዞ ወረደ። ሥሩ ላይ ቆመ። የጉድጓዱ አፍ ከደረቱ ብዙም አልዘለለም። ግራና ቀኙን በመዳፉ ዳሰሰ፤ እንደታወረ ሰው።

«ይህቺ ናት?» አለ። «ልጄን የበላችው ይህቺ ናት? ውሃ ሳይኖር ቢመጣ እኮ እንዲህ ቆሞ ይወጣ ነበር።»

እጁን ሊነክርበት የመጣው ውሃ የለም። የሚወቅሰውም ሰው የለም። ጭቃው ላይ ቁጭ አለና እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ። ያንን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እትዬ መሕቡባ ጠርዙ ላይ ደርሳ ነበር። ባለማሳው ነገሩ ገብቶት «ኢና ሊላሂ...» እያለ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አካፋውን ከእጁ ተቀበለችው።

«ና፣ ውጣ የዑመይር አባት» አለች።

እጁን ሰጥቷት ወጣ። ዳር ተከምሮ ከኖረው አፈር አንድ አካፋ ዝቃ ጣለችበት። ከዚያ ሌላ። ለእሷ አካፋው ከባድ ነበር። ጋሼ ተቀበላት። ኡበይድ በእጁ ይገፋ ጀመር፤ ከዚያ ሁላችንም። ባለማሳው ሌላ አካፋና ዶማ አመጣ። አፈር ሲያልቅ ከመንገዱ ዳር በፌስታል እየተሸከምን አመጣን። እትዬ መሕቡባ ሻሿን ፈታ ዘርግታ በእሱ አፈር ተሸከመች። ልክ የቀብር ዕለት እንዳደረግነው ነበር፤ ያኔ ግን ሴቶች ወደ መቃብሩ አልወጡም።

ከማሳው እኩል ሲሆን ጋሼ ሀቢቡ በእግሩ ረገጠው። ወንዶቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ እኔም በልቤ በእኔው ሃይማኖት ጸለይኩ።

እትዬ መሕቡባ ሐይቁ ዳር ወደሚንደቀደቀው ሞተር ጉድጓድ አመለከተች። «ያኛውስ?»

ባለማሳው ራሱን አከከ። «እሱማ እንጀራዬ ነው እናቴ። ክረምት ሳይገባ እደፍነዋለሁ።»

«ማል።»

«ወላሂ፣ እደፍነዋለሁ።»

በመልሱ ጋሼ ሀቢቡ መኪናው ውስጥ ገባ፤ ብስክሌቱን ሸረፋ ጣሪያው ላይ አሰረው። እኔም አብሬያቸው ተሳፈርኩ። በኋላ ጋሼ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ፣ «ይቀለኛል ብዬ ነበር» አለ። «አልቀለለኝም።»

«አይቀልም» አለች እትዬ መሕቡባ። ቀጥላም «ጠዋት ጠዋት ስሙን ልጠራው አፌን እከፍታለሁ» አለች። «‹ኡሚ፣ ተነስቻለሁ› ይለኛል ብዬ።»

«እኔም እሰማሻለሁ» አላት።

ነሐሴ ላይ ሁለቱ በአውቶቡስ ሄደው እንደነበር ጋሼ ራሱ ነገረኝ። ሐይቁ ሞልቶ እስከ ሾላው ሥር ደርሶ አገኙት። ባለማሳው መሬቱን ለቆ ሄዷል፤ የሞተሩን ጉድጓድ ይድፈነው አይድፈነው የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ወጣቶች ልብሳቸውን አውልቀው ይታጠባሉ። እትዬ መሕቡባ ጫማዋን ሳታወልቅ ውሃው ውስጥ ገብታ «ውጡ፣ ልጆቼ ውጡ!» አለቻቸው። ሳቁባት።

ከውሃው አልወጣችም። ደክሟቸው እስኪወጡ ድረስ እያንዳንዳቸውን በዓይኗ እየጠበቀች እዚያው ቆመች፤ ጋሼም አጠገቧ። አውቶቡሱ ጥሏቸው ሄደ።