ፍላሹን ማን ወሰደው?

ጋሹ ትንሿን ካሜራውን አነጣጥሮ ተጫነ። ፎቶው ተነሣ፤ ፍላሹ ግን አልበራም። ሙሽራዋ እንቁና እናቷ እትዬ እፀገነት ከሰል መስለው ወጡ።

ጓዳው ጨለማ ነው። ከቡሬ ወጣ ባለው በዚያ ገጠር ደግሞ ሙሽራ ሚዜዎች መጥተው ሳይረከቧት ደጅ አትወጣም። እናት ከልጃቸው ጋር አንድ ፎቶ ይፈልጋሉ፤ የሚዜዎቹ ጭፈራ ከወንዙ ማዶ ይሰማል።

«ምነው ልጄ፣ ሠርጉን ልቅሶ አስመሰልከው?» አሉ እትዬ እፀገነት፣ ስክሪኑን አይተው።

«ባትሪው ይሆናል፣ እትዬ።»

ባትሪ ቀየረ። አልበራም። የፍላሹን መስታወት በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ። እምቢ። ያኔ ሌላ ነገር አስተዋለ፤ ሲጫኗት ጢት ትል የነበረችው ካሜራ ትንፍሽ አትልም።

«ጉሮሮዋንም ወስዶታል» አለ በሆዱ።

ማን እንደወሰደው ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገውም። ተስፋው ነው። እሱም እንደ ጋሹ ፎቶ አንሺ ነው፤ ይህን ሠርግ ፈልጎ ያጣ። ትናንት «የኔ ተበላሸች፣ ክርስትና አለብኝ» ብሎ ተዋሳት። ሲመልሳት በመሐረብ ጠቅልሎ፣ አመስግኖ። ፎቶ አንሺ ፎቶ አንሺን መቼ አመስግኖ ያውቃል? ዛሬ ደግሞ የሙሽራዋ ዘመድ ነኝ ብሎ ዳሱ ውስጥ ተቀምጧል። ካሜራ አልያዘም። ባዶ እጁን መምጣቱ ራሱ ያጠራጥራል።

ጭፈራው ደጃፍ ደረሰ። ጋሹ ቂሙን ዋጥ አድርጎ ከጓዳው ወጣና ተስፋውን አስጠራው።

«ከውስጧ ምን አወጣህ?»

«እኔ?»

«ፍላሿ ሞቷል። ድምጿም።»

ተስፋው ካሜራዋን ተቀብሎ ቁልፎቿን ነካ ነካ አደረገ። «ቅዳሴ ላይ እኮ ነበርኩ። ቄሱ ‹መብራትም እንዳላይ፣ ድምፅም እንዳልሰማ› ቢሉኝ ፀጥታ የሚለው ላይ አደረግኋት። እዚያ ላይ ከሆነች ሁለቱንም ትተዋለች። መመለሱን ረሳሁት።»

«ረሳሁት» አለ ጋሹ፣ ቃሏን እንደ ሐሰተኛ ብር እያገላበጠ።

ጢት! ብልጭ አለች። ተስፋው ለሙከራ ያነሣው ፊቱ የቆመውን ጋሹን ነበር። ጋሹ ካሜራዋን ነጥቆ ጓዳ ገባ። ሚዜዎቹ መጋረጃውን ሲገልጡ እናትና ልጅ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው፣ ፊታቸው ወለል ብሎ ተነሥተው ነበር።

ሙሽራዋ ከሄደች በኋላ ሁለቱ ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው ፎቶዎቹን አዩ። ከእናትና ልጅ በፊት የመጣው የጋሹ ፊት ነው፤ ዓይኑ ፈጦ፣ በሬው የተሰረቀበት ሰው መስሎ።

«ይችን አሳጥበህ ስጠኝ» አለ ተስፋው።

ጋሹ ካሜራዋን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

«ምን ልታደርጋት?»