የሟቹ አካውንት

የኮሌጁ የኮምፒውተር ባለሙያ ሰሚሐ ሙሀመድየሱፍ ጠዋት ቢሮ እንደገባች የምታደርገው ነገር አንድ ነው። ኮሌጁ ኢሜሉንም ፋይሉንም ክላውድ በሚሉት የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ካወጣ ወዲህ፣ ራሷ የጻፈችውን አጭር የኮምፒውተር ትእዛዝ፣ ስክሪፕት፣ ታስነሳለች። ስክሪፕቱም ባለፈው አንድ ቀን የማን አካውንት እንደተከፈተ፣ የማን እንደተዘጋ፣ ማን ለማን ሥልጣን እንደጨመረ ለቅሞ ያወጣላታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚለቅመው ፓስወርዱን የረሳ መምህር ነው። ፓስወርድ መርሳት እንደሆነ በዚያ ኮሌጅ የመምህራን መብት ነው።

የዚያን ረቡዕ ግን ዝርዝሩ ላይ ያየችው ስም ክው አደረጋት። ገብረ ክርስቶስ ይላል። ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገብረ ክርስቶስ ማንም የማያውቀው አዲስ አካውንት ከፍቶ፣ የተማሪ ውጤት እንዲያርም ሥልጣን ሰጥቶታል።

ገብረ ክርስቶስ ከሞተ ሃያ ስድስት ቀኑ ነው።

ሥራውን ያስተማራት አለቃዋ ነበር፤ ስድስት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከሰልስቱ ማግስት አካውንቱን ልትዘጋ ተነሥታ ነበር። ዲኑ አቶ ሀብተ ሥላሴ ናቸው ያስቆሟት፤ አርባው ሳይደርስ ስሙን ብንሰርዝ ሰው ምን ይለናል አሉ። ቢሮው በሙሉ ተስማማ። እሷም በሐዘንተኛ ላይ አፍ መክፈት ከበዳትና ዝም አለች። እንዲህ ሆኖ የሲስተሙን በር ሁሉ የሚከፍት የሟች አካውንት ለይሉኝታ ሲባል ክፍት ሆኖ ከረመ። ይሉኝታው ደግ ነበር፤ ጅልም ነበር።

መጀመሪያ የፈራችው ሟቹን ራሱን ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሞላበት ግቢ፣ ዞር ብላ ባዶ ወንበሩን አየችው። ቀጥሎ የመጣው ፍርሃት ግን ከዚያ የባሰ ነበር። ሟች ፓስወርድ አይነካም፤ የእሱን ፓስወርድ ማን እንደቀየረው ደግሞ ታውቃለች። እሷ ናት።

ከሁለት ሳምንት በፊት የገብረ ክርስቶስ ሚስት፣ ወይዘሮ አገርነሽ፣ ጥቁር ለብሰው ቢሮ መጥተው ነበር። የሠርጋቸው ፎቶ፣ የልጆቻቸው ክርስትና ፎቶ፣ ሁሉም እዚያ አካውንት ውስጥ መሆኑን ባላቸው ነግሯቸው ነበርና እያለቀሱ ለመኗት። አንጀቷ አልችል አላት። ፓስወርዱን ቀየረችና በቁራጭ ወረቀት ጽፋ በእጃቸው ሰጠች። ፎቶዎቹን ራሷ አውርዳ ልትሰጣቸው ትችል ነበር። ያን ቀን አልታሰባትም።

ሁለቱንም አካውንቶች ወዲያው ዘጋች። ከዚያ ስክሪፕቱን አንድ ወር ወደ ኋላ መልሳ ስታስነሳው የምትፈራት መስመር ወጣች፦ የገብረ ክርስቶስ ፓስወርድ ተቀይሯል፤ የቀየረው ሰሚሐ ሙሀመድየሱፍ። ሥራዋን ስታጣ ታያት። ከሥራው ይልቅ ግን ውጤት ሸጠች ተብላ ፖሊስ ጣቢያ ስትቆም፣ ወረታ ያሉት ነጋዴ አባቷም ከሱቅ ደንበኛ አፍ ሲሰሙት ታያት።

ለዲኑ የሚሄደውን ሪፖርት የምታወጣው እሷ ብቻ ናት። ስክሪፕቱ ላይ አንዲት መስመር ብትጨምር የራሷ ስም ሳይወጣ ይቀራል። ጨመረቻት። እንደገና አስነሣችው፤ ስሟ የለም። እፎይ ግን ማለት አልቻለችም። ሳትልከው ኮምፒውተሩን ዘግታ ባጃጅ ያዘችና ወደ ወይዘሮ አገርነሽ ሰፈር፣ ሐይቁ ዳር ወዳለው ሽምብጥ ሄደች።

ወይዘሮ አገርነሽን ከሐይቁ በሚመጣው ነፋስ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ወረቀቷ የት እንዳለች ጠየቀቻቸው።

“ግሩም ወሰዳት እንጂ” አሉ። “ፎቶውን አውርጄ አመጣልዎታለሁ ብሎኝ ሰጠሁት። ለቅሶውን አንድ ቀን እንኳ ሳይቀር የተቀመጠልኝ እሱ ነው።”

ግሩም የተማሪ ውጤት የሚያዝበት የሪጅስትራር ሠራተኛ ነው። ነገሩ ሁሉ አንድ ላይ ገጠመላት። የሆነውን ነገረቻቸውና፣ ነገ ዲኑ ሲጠይቋቸው ይህችኑ ብቻ እንዲናገሩላት ለመነቻቸው። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እንከሰሳለን ወይ ብለው ጠየቁ። አላውቅም አለቻቸው። እናገራለሁ ልጄ አሉ።

በዚች ቃል ተማምና ተመለሰች። የጨመረቻትን መስመር ከስክሪፕቱ አጥፍታ፣ ስሟ እንዳለበት፣ ስለ ግሩም የሰማችውንም ከሥሩ ጽፋ ሪፖርቱን ላከች።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተጠራች። ግሩም ከዲኑ ጎን ተቀምጧል። ረጋ ብሎ ሰላም አላት። አቶ ሀብተ ሥላሴ የታተመውን ዝርዝር በጣታቸው እየተከተሉ ሁለት ጊዜ አነበቡና፣ የግሩም ስም የቱ ጋ ነው ብለው ጠየቁ። የለም። ወደ ሟቹ አካውንት የተገባው በኮሌጁ ኢንተርኔት ነው፤ በዚያ ደግሞ ሦስት መቶ ሰው ይጠቀማል። ሰሚሐ፣ ወይዘሮ አገርነሽ ይጠየቁልኝ አለች።

ደወሉ፤ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አደረጉት። ዲኑ አፋቸውን ሳይከፍቱ ግሩም ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

“እትዬ፣ ግሩም ነኝ። አይዞዎት፣ እኔም እዚሁ አለሁ።”

ዲኑ ስለ ወረቀቷ ጠየቁ።

“የምን ወረቀት?” አሉ ወይዘሮ አገርነሽ። “እኔ ያየሁት ወረቀት የለም።”

ስልኩ ተዘጋ። ሰሚሐ መናደድ ፈልጋ ነበር፤ አቃታት። ትናንት ያችን መስመር የጨመረችው እጅ የራሷ ነበር፤ የሴትዮዋን ፍርሃት ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

“እንግዲህ ሰሚሐ” አሉ አቶ ሀብተ ሥላሴ፣ “የሟቹን ፓስወርድ የቀየረው ማን ነው?”

“እኔ ነኝ የቀየርሁት” አለች።

ዲኑ ቃሏን እንዲጽፍ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ወደ ግሩም ገፋ አደረጉለት።