ለሕያው ሰው ሙሾ

የኳየሩ መሪ እንደምትናገረው ከሆነ፣ የልብስ አጣቢዋን ወንድም ባሕር በልቶታል። ጀልባዋ ተገለበጠች፤ ሬሳው አልተገኘም፤ እህትየውም ያን ሐዘን በጉሮሮዋ ተሸክማ ወደዚህ አገር መጣች። መሪዋ ይህን ከየዝግጅቱ በፊት፣ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ድምጿን ዝግ አድርጋ ታወራዋለች። አዳራሹም ጸጥ ብሎ ይሰማታል።

ወንድምየው እንደሚለው ደግሞ እሱና ባሕሩ በደንብ እንኳ አይተዋወቁም። ጀልባዋ ልትነሳ ስትል ትኩሳት ጣለውና ጓደኞቹ ዳርቻው ላይ ትተውት ሄዱ። ከዚያ ፖሊስ አፍሶ ስልክ የማይገባበት እስር ቤት ከተተው። ሲፈታ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ስልክ ለምኖ እህቱ ጋ መደወል ነበር።

«እትዬ፣ ቀብራችሁኛል አሉ» አላት። «ለቅሶው ደመቀ ወይስ ሰው ጠፋ?»

ስለ አንድ ሰው ሞት ከራሱ ከሰውየው የተሻለ ምስክር አይገኝምና እውነቱ የሁለተኛው ነው።

ስልኩ ሲደወል ልብስ አጣቢዋ ከሆቴሉ ምድር ቤት፣ መስኮት ከሌለው የማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ከአንሶላ መተኮሻው ማሽን ፊት ቆማ ነበር። እርጥብ አንሶላ ክምር ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች፤ ሳቀች፤ ደግማ አለቀሰች። የሥራ ጓደኞቿ ከበቧት። እነሱ አገሬዎች ናቸውና በስልክ ያወራችው አልገባቸውም፤ ያዩት እንባዋን ብቻ ነው። አንዷ ውሃ አቀበለቻት፤ ሌላዋ ጀርባዋን እያሻሸች ስለ ሟች ወንድሟ አጽናናቻት። «ኧረ ተገኘ!» ማለት የነበረባት ያኔ ነው። ነገር ግን ኳየሩን እስክትቀላቀል ድረስ በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ከ«አዲሷ» ሌላ ስም አውጥቶላት አያውቅም ነበር፤ አሁን ሁለት ክንድ አቅፏታል። ዝም አለች። አንዴ ዝም ካሉ በኋላ ደግሞ አፍ መክፈት እንዴት እንደሚከብድ ያየ ያውቀዋል።

ኳየሩ የተቋቋመው አገሬውንና ስደተኛውን በዜማ ለማቀራረብ ነው። እሷ በገባችበት ዕለት መሪዋ እያንዳንዱ ሰው ከአገሩ አንድ ዜማ እንዲያሰማ ጠየቀች። መርዶው ገና ትኩስ ነበረና ከልብስ አጣቢዋ አፍ የወጣው ሙሾ ሆነ። «የእናቴ ልጅ» እያለች አወረደችው። በባዕድ አገር ለቅሶ የሚቀመጥበት ቤት አጥታ የቆየች ሴት፣ እፊቷ የተደረደሩትን ወንበሮች ለቀስተኛ አደረገቻቸው። ስትጨርስ አጨበጨቡላት። ለሙሾ ሲጨበጨብ በዕድሜዋ አይታ አታውቅም፤ ቅር ባይላትም ግራ ገባት።

ከዚያ ወዲህ ያለ ሙሾው ዝግጅት አልተደረገም። ከኳየሩ አባላት አንዱ፣ ታክሲ ነጂው፣ በወፍራም ድምፁ ተቀበላት። ጡረታ የወጣችው አስተማሪ ቃሉን በራሷ አገር ፊደል ገልብጣ ሸመደደችው። የልብስ አጣቢዋ ፊት፣ ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፍታ፣ በየፌርማታው ተለጠፈ። አንዱ ምድር ቤት ከሊፍቱ ጎን አለ፤ የቆሸሸ ልብስ የሞላ ጋሪ እየገፋች በወጣች በገባች ቁጥር ራሷን እያለቀሰች ታገኛታለች። አከራይዋ አዳራሽ ገብታ ሰምታት ካነባች በኋላ ክፍሉን ያለ ዋስ ሰጥታታለች። የሆቴሉ ኃላፊ ለልምምድ ቀደም ብላ እንድትወጣ ይፈቅድላታል። ሰው ሁሉ ሲያናግራት ድምፁን ይቀንሳል፤ ድንገት ከሳቀች ግን እንደ ጉድ ያያታል። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ እያለች መሳቅ ተወች።

በመጨረሻ ወንድሟ በሕይወት እንዳለ ለመሪዋ ነገረቻት። መሪዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ከልቧ ደስ አላት፤ ከዚያ ፒያኖው ወንበር ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። በመጪው ቅዳሜ አዳራሹ በኳየሩ እጅ ይቆይ ወይስ ለሌላ ይሰጥ የሚወስኑት ሰዎች ሊሰሙ ይመጣሉ። አዳራሹ ከተወሰደ ታክሲ ነጂው ከመኪናው ውጭ ከማን ጋር ሊያወራ ነው? አስተማሪዋስ? አንቺስ? እያለች ጠየቀቻት። ለዚህ አንድ ቀን ብቻ እንደ ድሮው ትዘፍን፤ ከዚያ የምሥራቹን አብረው ይናገራሉ። ልብስ አጣቢዋ አንዱንም ቃል ሐሰት ነው ማለት አልቻለችም። የባሰው እሱ ነው።

ወንድሜ ቢያንስ ይከለክለኛል ብላ ደወለች። እሱ ሳቀባት። «አውርጂው ባክሽ፣ እኔ እንደሆነ አንዴ ሞቻለሁ» አላት። «እንዲያውም ቁመናዬን ጨምሪልኝ።»

እናቷ ግን አልሳቀችም። ልጇ በሕይወት አለ በተባለች ዕለት ጥቁሯን አውልቃለች። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ልጄ፣ እኔ በቃኝ ብዬ ልብሴን ቀይሬያለሁ» አለች። «አንቺ በአፍሽ መልሰሽ ልታለብሺኝ ነው?»

ከዚያ በኋላ ልብስ አጣቢዋን እንቅልፍ አልወሰዳትም ማለት ይቀላል። ብትዘፍን ወንድሟን በገዛ ጉሮሮዋ ትቀብረዋለች፤ ብትተው ያቀፏትን ሰዎች ታጣለች፣ ምናልባትም ውሸታም ትባላለች። የምድር ቤቱ እንፋሎት፣ አከራይዋ በሰጠቻት ክፍል ውስጥ ያለው ጠባብ አልጋ፣ አውቶቡሱ፣ ሁሉም አንድ ክፍል መሰላት፤ በሩም የትኛው እንደሆነ ጠፋት።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ወሳኞቹ የፊት ወንበር ላይ፣ የሥራ ጓደኞቿ በታጠበ ልብስና በተተኮሰ ጸጉር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። አከራይዋ ገና ሳይጀመር መሐረብ አውጥታለች። መሪዋ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ ስለ ጀልባዋ መናገር ጀመረች፤ ሬሳው አልተገኘም ስትል ልብስ አጣቢዋን አላየቻትም። ከዚያ ዞራ እጇን አነሳች። ከኋላ ተቀባዮቹ ትንፋሻቸውን ሳቡ።

ልብስ አጣቢዋ ወደ ማይክሮፎኑ ተራመደች። አፏን ከፈተች፤ የመጀመሪያው ድምፅ ምላሷ ላይ ነበር፤ ሰውነቷ መንገዱን ያውቀዋል። አልወጣም። የመሪዋ እጅ አየር ላይ ቀረ። የሆነ ሰው ሳል አለ። አንዱ ሐዘኑ ጸንቶባት ነው ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌሎቹም ሊያበረታቷት ተከተሉት። ጭብጨባው እስኪያልቅ ቆመች። ከዚያ ገና ባልተገራላት የሰው አገር ቋንቋ፣ ቃል ቃሉን እየፈለገች ተናገረች።

«ወንድሜ አልሞተም። ሞቷል ሲሉኝ አምኜ አለቀስኩ፤ እሱ ግን በሕይወት አለ። ካወቅሁ በኋላ ደግሞ ዝም አልኩ፤ እሱ የእኔ ጥፋት ነው።»

መሪዋ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተጠጋች፤ ቆመች።

«በእኛ ዘንድ ሙሾ የሚያወርደው የሞተበት ሰው ነው፤ ሌላው ይቀበለዋል። እኔ ዛሬ አላወርድም፤ ነገም አላወርድም። እዚህ ውስጥ ግን የሞተበት ሰው አይጠፋም። እሱ ይምጣና ያውርድ። እኔ ከተቀባዮቹ ጋር እቆማለሁ።»