ለመውጫ በር የተባለው ብርሃን

አምብሮዝ ሹልስት ከጃኬቱ ኪስ ያወጣትን ነገር መዳፉ ላይ ሲያስቀምጣት የጎጆዋ ጨለማ አረንጓዴ ሆነ። ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ የመስታወት ቱቦ ናት። ባትሪ የላትም፣ ሽቦ የላትም፤ ዝም ብላ ታበራለች።

"ከመንሳፈፊያው ጋር አስሬ ልጥላት ነው" አለ። "ዛሬ አሳው መብራት ተለኮሰለት።"

እህቱ ቤርናዴት አጎንብሳ አየቻት እንጂ አልነካቻትም። ሁለቱ በረዶ ሆኖ የረጋው ሐይቅ ላይ በቆመችው የእንጨት ጎጆ ውስጥ፣ በረዶውን በስተው የከፈቱትን ቀዳዳ መሐል አድርገው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጎጆዋ መስኮት የላትም፤ ከታች ያለው ውኃ የሚታየው ቤቱ ሲጨልም ነው።

"ከፋብሪካ ነው ያመጣሃት?"

"ከመጣያ። ብርሃኗ ደከም ብሏል ብለው የጣሏት ናት።"

"አምብሮዝ፣ ይህን የምትነግረው ለማን እንደሆነ ታውቃለህ?"

"ለእህቴ ነዋ! መንግሥት እዚህ የለም። ጎጆ ውስጥ ነን።"

ይህ ቀልድ አልነበረም። አባታቸው በሕይወት ሳለ "እዚህ የተሰማ ከበረዶው ጋር ይቅለጥ" ይል ነበር፤ ሐይቁ ላይ ያሉት ጎጆዎች ሁሉ የሚተዳደሩት በዚሁ ሕግ ነው። ማን ግብር እንደሰወረ፣ ማን ሐኪም የነገረውን ለሚስቱ እንደደበቀ እነዚያ ጣውላዎች ያውቃሉ። አንዱም ወሬ ወደ መንደር አልወጣም፤ የወጣም ካለ ሰው አልሰማሁም ብሎ አልፎታል።

ቤርናዴት የምትሠራው ኦታዋ፣ ጨረር አመንጪ ቁሶች ወደ ውጭ አገር ሲላኩ ፈቃድ በሚሰጠው መሥሪያ ቤት ነው። አምብሮዝ ደግሞ ከተወለዱበት ከተማ ሳይወጣ፣ ትሪቲየም የሚባለውን ጨረር አመንጪ ጋዝ በቱቦ እያሸገ ብርሃን በሚሠራ ትንሽ ፋብሪካ ውስጥ አርጅቷል። ስትቀጠር ወንድሜ እዚያ ይሠራል ብላ አስታውቃ ነበር። አለቃዋ ስቆ "ፋብሪካው ባለበት የወንዝ ሸለቆ ዘመድ የሌለው ሠራተኛ ከፈለግን ከጨረቃ ማስመጣት ነው" አላትና የዚያን ፋብሪካ ማመልከቻ ብቻ እንዳትነካ አዘዛት። አልነካችም።

"ብዙ ሥራ አላችሁ?" አለች፤ ነገሩን ለመቀየር።

"ብትይ! የቶሮንቶው ደላላ ያመጣው ትእዛዝ ነው። ይቺኑ የመሳሰሉ ቱቦዎች በሳጥን በሳጥን። ወረቀቱ ላይ የመውጫ በር ምልክት ነው የሚለው አሉ።" ሳቁ ጎጆዋን ሞላት። "የመውጫ በር! በዚህች ብርሃን መንገዱን የሚያገኝ ጉንዳን ብቻ ነው።"

"ታዲያ ለምንድን ነው?"

"ሦስት ሦስት አድርገን ነው የምናሽገው። ሁለት ከኋላ፣ አንድ ከፊት። ዳክዬ ያደነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የጠመንጃ ማነጣጠሪያ ናት፣ በሌሊት የሚተኮስበት።"

ቤርናዴት ቴርሞሱን አንስታ ቡና ቀዳች፤ መጠጣቱን ግን ረሳችው። የቶሮንቶው ደላላ ማመልከቻ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር። ቱቦው የት እንደሚመረት አይናገርም፤ የሚናገረው ለሕንፃዎች የአደጋ ጊዜ መውጫ ምልክት እንደሚውል ብቻ ነው። የሚላክላት አገር ደግሞ ባለፈው ዓመት ወታደሮቿ በሌሊት ቤት ለቤት እየዞሩ ሰው ሲለቅሙ የከረሙባት ናት። ለጦር መሣሪያ መዋሉ ብቻውን ክልክል አይደለም። ግን መነገር አለበት፤ ከተነገረ ደግሞ ያቺ አገር አታገኘውም።

"ይህ ትእዛዝ ካለፈ እስከ በጋ ሥራ አለን" አለ አምብሮዝ፣ መንጠቆውን ወደ ቀዳዳው እየለቀቀ። "ካላለፈ ግማሾቻችሁ ከፋሲካ በኋላ እቤት ናችሁ ብሎናል ሥራ አስኪያጁ። እኔ መቼም ከግማሾቹ አንዱ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል? አሳው?"

ልትስቅ ሞከረች። ወንድሟ ደስ ብሎት ነበር፤ እሷ ደግሞ ደስታውን ጠላችው፤ ወዲያው በመጥላቷ አፈረች።

ሰኞ ጠዋት ኮቷን ሳታወልቅ ወደ አለቃዋ ክፍል ገባች። ጋኤታን ላካስ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ፣ በሩ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ሰው ነው። የዚያን ቀን ግን ፊቷን አይቶ ራሱ ተነሥቶ በሩን ዘጋው።

"የቶሮንቶው ማመልከቻ ውሸት ነው" አለችው። "ለጠመንጃ ነው። ደግሞም ገና ቅዳሜ እንዳወቅሁት፣ ቱቦው የሚሠራው ወንድሜ ያለበት ፋብሪካ ነው። ከእጄ ይውጣ።"

"ማን ነገረሽ?"

የኮቷን ቁልፎች መፍታት ጀመረች።

"ገባኝ" አለ ጋኤታን። መነጽሩን አውልቆ በክራባቱ ወለወለ። "የት ነው የነገረሽ?"

"አሳ ስናጠምድ።"

"ጎጆ ውስጥ?" እሱም የዚያው ሸለቆ ልጅ ነው፤ ከወንዙ ማዶ። "ወይ አንቺ ሴት! እኔ አባቴ ጎጆ ውስጥ ያወራኝን ለእናቴ እንኳ ሳልነግራት ቀብሬያታለሁ።"

"አውቃለሁ፣ ጋኤታን።"

"እሺ፣ ስሚኝ። ማስታወሻ ጻፊ። 'ከታማኝ ምንጭ' በይ፣ ስም ይቅር። ያየሽውን ከጻፍሽ ፈቃዱን ለማገድ ይበቃናል። መርማሪዎች ይሄዳሉ፣ ሳጥኖቹን ይከፍታሉ፤ የቀረውን ሳጥኖቹ ይናገራሉ።"

ቤርናዴት ቅዳሜ ማታ ላይዋ ላይ የተቀመጠው ሸክም ወረደላት። እንዲህ ቀላል ይሆናል ብላ አላሰበችም። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ማስታወሻውን በአንድ ትንፋሽ ጻፈችው፤ የቱቦዋን መጠን፣ ሦስት ሦስት ተደርጎ መታሸጉን፣ ሁሉንም። የምንጩን ስም ቦታ ባዶ ተወችው።

ምሳ ሰዓት ላይ ጋኤታን ሳንድዊቹን ይዞ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ።

"አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ኋላ እንዳይከብድሽ። ፋብሪካው ማን እንዳወራ መፈለጉ አይቀርም። ሁልጊዜ ይፈልጋሉ። የማስታወሻው ግልባጭ ይደርሳቸዋል፤ ስም ከሌለበት ራሳቸው ይገምታሉ።"

"አምብሮዝን አይጠረጥሩትም። ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሆኪ የሚጫወት ሰው ነው።"

"ታዲያ ማንን ይጠረጥራሉ?"

መልስ ለመስጠት አላሰበችም ነበር፤ ስሙ ግን ራሱ መጣባት። ሪታ ያካቡስኪ። የፋብሪካው አየር ማስወጫ አይሠራም ብላ ባለፈው መጸው ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ የሄደችው ሪታ፤ አምብሮዝ ራሱ "ነገር ፈላጊ" የሚላት፤ ቤርናዴት በቤተ ክርስቲያኑ የዶሮ እራት ግብዣ ላይ አብራት ሰሃን ስታጥብ የኖረችው ሪታ። ባሏን ከቀበረች ገና ዓመት አልሞላትም። ነገ መርማሪ በሩን ቢያንኳኳ ከተማው በሙሉ ዞሮ የሚያየው እሷን ነው። ብትምል ብትገዘት የሚያምናት የለም። አምብሮዝም ዝም ይላል፤ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ማንም ስለማይጠይቀው።

"ከብዶሻል" አለ ጋኤታን።

"አዎ።"

"ሕጉ ስም አያስገድድሽም። ይህን አስታውሺ።"

"ሕጉንማ አስታውሳለሁ።"

እሱ ከሄደ በኋላ ማስታወሻውን መልሳ ከፈተችው። ወንድሟን በዓይነ ኅሊናዋ አየችው፤ የጎበጠውን ጀርባውን፣ ሥራ ሲያጣ ጋራዡ ውስጥ ገብቶ ሬዲዮ ሲያዳምጥ የሚውለውን። እናታቸው ብትኖር ምን ትል እንደነበር አሰበችና ማሰቡን አቋረጠች፤ ምን እንደምትል ታውቃለች፣ የሚረዳም አልነበረም። በባዶው ቦታ ላይ "ወንድሜ፣ አምብሮዝ ሹልስት፤ ራሱ በእጁ አሳይቶኛል" ብላ ጻፈችና ላከችው። ጋኤታን ከክፍሉ አንገቱን አውጥቶ ተመለከታት።

ወደ አምብሮዝ ለመደወል ስልኳን ሁለቴ አንሥታ ሁለቴ አስቀመጠችው። ከሥራ ስትወጣ ወደ ቤቷ በሚወስደው መንገድ ፈንታ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን አውራ ጎዳና ያዘች። በረዶ ይጥል ነበር፤ መንገድ ጠራጊው መኪና ገና አላለፈም፤ ከፊቷ ያሉት መኪኖች ሁሉ ይሳባሉ። መንገዱን በሙሉ የምትናገረውን ስታዘጋጅ ሄደች። ስለዚያች አገር ወታደሮች ልትነግረው አሰበች፤ ከዚያ ስለ ሕጉ፤ ከዚያ ስለ ሪታ። የወንድሟ ግቢ ስትደርስ ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት።

አምብሮዝ በካልሲ ሆኖ በሩን ከፈተ። ከኋላው የአተር ሾርባ ይሸታል።

"በሥራ ቀን? በዚህ በረዶ? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ትእዛዙ ታግዷል። እኔ ነኝ የነገርኩት።"

አምብሮዝ የበሩን እጀታ ጨበጠ።

"ከማን እንደሰማሁ ጠየቁኝ። ባዶ ልተወው እችል ነበር። ስምህን ጻፍኩት።"

"ስሜን?" አለ። "ጎጆ ውስጥ ያወራሁትን... ባዶ መተው እየቻልሽ ስሜን ጻፍሽው?"

"ባዶውን በሪታ ስም ነበር የሚሞሉት።"

አምብሮዝ የበሩን እጀታ እንደያዘ ቆመ። በረዶው በእህቱ ትከሻ ላይ ይከመራል፤ ነፋሱ አልፏት ወደ ሳሎኑ ይገባል። ሚስቱ ከውስጥ "ማነው?" ብላ ተጣራች። ሊዘጋባት ነው ብላ ቤርናዴት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

"ግቢ" አለ በመጨረሻ፣ ፊቷን ሳያይ። "ጫማሽን አውልቂና ግቢ። እንጣላለን፤ ግን ደጅ ቆመን አይደለም።"